የሚሰጠው እጅና የሚመዘግበው እጅ

መደብና የመንግሥት ቁጥጥር በልብ ወለድና በከተማችን

(በቦሌ ለአጠቃላይ ታዳሚ ከተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

በዚህ አዳራሽ ተማሪዎችና ሽበት ያላቸው ታላላቆች አንድ ላይ ተቀምጠው ማየቴ ለዛሬው ጉዳይ የሚስማማ ነው። የማነሣውን ነገር ከፊላችሁ በመጽሐፍ፣ ከፊላችሁ በኑሮ ታውቁታላችሁና።

ርዕሴ ዲስቶፒያ የሚባለው የልብ ወለድ ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ድርሰት መንግሥት የሰውን ኑሮ፣ ንግግርና ሐሳብ ሳይቀር በእጁ ያስገባበትን አገር ፈጥሮ ያሳየናል። ወጣቶቻችን በመጽሐፍም በፊልምም ያውቁታል። ስንወያይበት ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ካሜራውን፣ ሰላዩንና እስር ቤቱን ነው። እኔ ዛሬ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር ላሳያችሁ እወዳለሁ። በእነዚህ ድርሰቶች ውስጥ መንግሥት ሰውን መጠበቅ ከመጀመሩ በፊት በየመደቡ ይለየዋል፤ ለየመደቡም የሚሰጠው ነገር አለው። ቁጥጥሩ ሥር የሚሰደው የሚሰጠው እጅና የሚመዘግበው እጅ አንድ ሲሆኑ ነው። ይህን በሦስት ክፍል አስረዳለሁ። መጀመሪያ ዓለም የሚያውቃቸውን ሦስት ልብ ወለዶች እናያለን። ቀጥሎ ወደ አቤ ጉበኛና ወደ በዓሉ ግርማ እንመለሳለን። በመጨረሻም ከልብ ወለድ ወጥተን ወደ ቤት ጉዳይ፣ ከቀበሌ ቤት እስከ ዛሬዎቹ ገርጂ፣ አያትና ቦሌ አራብሳ እንሄዳለን።

የመጀመሪያውን ክፍል በጆርጅ ኦርዌል «1984» ልጀምር። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በዚያ አገር ሕዝቡ በሦስት ተከፍሏል። ከላይ ከመቶ 2 የማይሞላው የውስጥ ፓርቲ አለ። ከታች ከመቶ 85 የሚሆነው፣ «ፕሮል» የሚባለው ሠራተኛ ሕዝብ አለ። በመካከል ለመንግሥት የሚጽፈው፣ የሚያርመውና የሚቆጥረው የውጭ ፓርቲ አባል ይገኛል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ስሚዝ ከመካከለኞቹ አንዱ ነው። ሥራው የቆዩ ጋዜጦችን እያወጣ ትናንት የተባለውን ነገር መንግሥት ዛሬ ከሚፈልገው ጋር እንዲስማማ አድርጎ መልሶ መጻፍ ነው።

ከሦስቱ ይበልጥ የሚጠበቀው ማን ነው? አንባቢ የድሃውን ስም ይጠራ ይሆናል። ኦርዌል ግን ሌላ ነገር ጽፏል። የሚያይና የሚሰማ ቴሌስክሪን በግድግዳው ላይ የተተከለበት ጸሐፊው ዊንስተን ነው፤ አብዛኞቹ ፕሮሎች በቤታቸው ቴሌስክሪን የላቸውም። ለእነሱ ቢራ፣ ርካሽ ዘፈንና በየሳምንቱ የሚወጣ ሎተሪ ተዘጋጅቶላቸዋል። ትልልቆቹን የሎተሪ ዕጣዎች አሸነፉ የሚባሉት ሰዎች በእውን የሉም፤ ሕዝቡ ግን ቁጥሩን እያሰላ ይኖራል። እንግዲህ በዚህ አገር ድሃው በተስፋና በድካም ይገዛል። መካከለኛው በፍርሃት ይገዛል፤ ከፍ ካለው ጋር የሚያገናኘው ትንሽ መብት ስላለው ያችን እንዳያጣ ይጨነቃል። ላይኛው ደግሞ ሁለቱ እንዳይገናኙ ይተጋል።

ኦልደስ ሃክስሊ እ.ኤ.አ. በ1932 ያሳተመው «ብሬቭ ኒው ዎርልድ» የተባለው ልብ ወለድ ነገሩን ከሌላ ወገን ያየዋል። በዚያ ሰው ከእናት አይወለድም፤ በጠርሙስ ይዘጋጃል። ገና ከመጀመሪያው አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታና ኤፕሲሎን ተብሎ በአምስት ደረጃ ይመደባል። ሕፃናቱ ተኝተው ሳለ የደረጃቸውን መልካምነት የሚያስተምር ድምፅ ይለቀቅላቸዋል። ሲከፋቸው ሶማ የሚባል መድኃኒት ይሰጣቸዋል። እዚያ አገር ዱላ እምብዛም አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ በተመደበበት ደስተኛ ነውና። ከሃክስሊ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ደግሞ ሩሲያዊው የቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» የተሰኘውን ልብ ወለድ ጻፈ። በእሱ አገር ሰዎች ስም የላቸውም፣ የሚጠሩት በቁጥር ነው። የሚኖሩትም በመስታወት ቤት ነው፤ መጋረጃ ለመሳብ ለተወሰነ ሰዓት የሚሰጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1924 በእንግሊዝኛ ትርጉም ነበር፤ ደራሲው በተወለደበት አገር የታተመው በ1988 ብቻ ነው።

ሦስቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ የጋራ ነገር ይታያል። ዛምያቲን ቤት ይሰጣል፣ ግድግዳውን ግን ያሳጣል። ሃክስሊ ደስታ ይሰጣል፣ ምርጫን ግን ይወስዳል። ኦርዌል ለአንዱ ሎተሪ፣ ለሌላው የቢሮ ወንበር ይሰጣል። ባዶ እጁን የመጣ ገዥ በሦስቱም ውስጥ የለም። እኛ ግን ገዥን ስንፈራ የለመድነው የሚነጥቀውን ነው፤ የሚሰጠውን እንዴት እንደምንጠይቀው አልተማርንም። ይህን ያዙልኝና ወደ አገራችን ደራሲያን እንሂድ።

ሁለተኛው ክፍል የሚጀምረው በአቤ ጉበኛ ነው። አቤ የጎጃም ተወላጅ ነው፤ ከጋዜጠኝነት ሥራ ወጥቶ በብዕሩ ብቻ ለመኖር የቆረጠ ሰው ነበር። «አልወለድም» የተሰኘው ልብ ወለዱ በ1955 ዓ.ም. ወጣ። ጊዜውን ልብ በሉ። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ገና ሁለት ዓመት ነው። የመሬት ጥያቄ በሹክሹክታ ይነሣል። በዚህ መካከል አንድ ደራሲ በድሃ እናት ማኅፀን ያለ ፅንስ እንዲናገር አደረገ። ፅንሱ እምቢ ይላል፤ ወደዚህ ዓለም መውጣት አልፈልግም ብሎ ይከራከራል። ምክንያቱንም ይደረድራል፤ በየትኛው ደረጃ እንደሚወለድ ያውቃል፣ በዚያ ደረጃ የሚወለድ ሰው ምን እንደሚጠብቀውም ያውቃል።

ይህ ድርሰት ከሃክስሊ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ነው። በሃክስሊ አገር መንግሥት ሰውን ሳይወለድ በጠርሙስ ይመድበዋል። በአቤ ድርሰት ጠርሙስም ሳይንስም አያስፈልግም፤ ርስት፣ ጥማድና የአባት ስም ሥራውን ይሠራሉ። የሃክስሊ ሕፃን በእንቅልፉ ተምሮ ዕጣውን ይወዳል። የአቤ ፅንስ ግን ነቅቶ ይጠይቃል። ከድሃ የሚወለድ ልጅ ዕጣው አስቀድሞ የተጻፈ ከሆነ ጽሑፉን ያጸደቀው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ደራሲው ሊነሣ በማይችልበት ቦታ አኖረው። ፅንስን ማን ያስራል? ማንስ ያባርረዋል? የተሰደዱት መጽሐፉና ደራሲው ነበሩ። ጥቂት መቶ ቅጂዎች እንደተሸጡ መጽሐፉ ታገደ፣ የቀረው ተወረሰ፤ አቤም ወደ ኢሉባቦር፣ ጎሬ ተግዞ ዓመታት አሳለፈ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር አቤ ንጉሡን በስም ሳይጠራ ሥርዓቱን በልብ ወለድ ከሰሰ።

የአቤ ሰው ከታች የመጣ ነው። በዓሉ ግርማ የጻፈው ደግሞ ከመካከል ነው፤ ለዚህም ነው ታሪኩ ከኦርዌል ጋር የሚገናኘው። በዓሉ የአዲስ ዘመንና የሌሎችም ጋዜጦችና መጽሔቶች አዘጋጅ ነበር። በደርግ ጊዜ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ደርሷል። መንግሥት ለሕዝብ የሚናገረው ነገር እንዴት እንደሚዘጋጅ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ጥቂት ነበር። በጥር 1974 ዓ.ም. በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲታወጅ አስመራ ከሄዱት አንዱ ሆነ። ያየውንም «ኦሮማይ» ብሎ ጻፈው፤ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። የመጽሐፉ ዋና ሰው ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ እንዲመራ ይላካል። በሥራው ያምናል፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር ግን በሚያየውና በሚያስተላልፈው መካከል ያለው ርቀት ይሰፋበታል።

ዊንስተን ስሚዝም ጸጋዬም የመንግሥትን ቃል የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱ ኦርዌል ዊንስተንን በምናቡ ሲፈጥረው በዓሉ ያንን ወንበር ተቀምጦበት ማየቱ ነው። «ኦሮማይ» በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከየመደብሩ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም፤ መኪናው ከከተማዋ ወጣ ባለ መንገድ ላይ ተጥላ ተገኘች። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያ ዓመት 1984 ነበር። በኦርዌል ልብ ወለድ መንግሥት የጠላውን ሰው ከመዝገብ ይፍቀዋል፣ እንዳልነበረም ያደርገዋል። በዓሉ ላይ ይህ ሊደረግ ተሞክሮ ነበር። መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ተነበበ፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ በግልጽ ታተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀረበ።

ከሁለቱ ደራሲያን የምንማረው ይህን ነው። ድሃው ሲናገር ሥርዓቱ ይቆጣል፤ ከሥርዓቱ ማዕድ የበላው ሲናገር ግን ይደነግጣል። ለበዓሉ የተሰጠው ሥልጣንና ደመወዝ እንደ ዝምታ ውል ይታይ ነበር። እሱ ግን ውሉን እንደፈረመ አልቆጠረውም። አንድ ሰው የተሰጠውን ነገር ሳይክድ የሚሰጠውን እጅ መጠየቅ እንደሚችል በሕይወቱ አሳየን።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክፍል፣ ወደ ከተማችን ልምጣ። ከልብ ወለድ ወደ ታሪክ የሚያሻግረን አንድ አዋጅ አለ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47። አዋጁ የከተማን ቦታ ሁሉ የመንግሥት አደረገ፣ ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፣ ኪራይ ቀነሰ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ይህ ለብዙ ድሃ ቤተሰብ እውነተኛ ስጦታ ነበር፤ ከአከራይ ማስፈራሪያ አድኖታል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ያው ቀበሌ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ እናቶችን ፊደል አስቆጥሯል።

ነገር ግን ቤቱን የሰጠው ቢሮ ስምን የሚመዘግበው፣ መታወቂያ የሚሰጠው፣ ስኳርና ዘይት በካርድ የሚያከፋፍለው፣ ስብሰባ የሚጠራው፣ የራሱ ፍርድ ሸንጎና የራሱ አብዮት ጥበቃ ያለው ቢሮ ነበር። ስለዚህ ስብሰባ የቀረ ሰው የሚያጣው ስብሰባውን ብቻ አልነበረም። ከሊቀ መንበሩ ጋር የተጣላ ቤቱን፣ ራሽኑንና ወረቀቱን አንድ ላይ አደጋ ላይ ይጥላል። በ1969 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲታወጅና የቤት ለቤት አሰሳ ሲጀመር አሳሹ አዲስ መረጃ መሰብሰብ አላስፈለገውም። በየትኛው ቤት ስንት ወጣት እንዳለ፣ የት እንደሚማር፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ለኪራይና ለራሽን ሲባል ተጽፎ ነበር። ለማኖር የተጻፈው መዝገብ ለመግደል ዋለ። የዚያ ዘመን ሰለባዎች ፎቶግራፍና አጽም ዛሬ የቦሌ መንገድ በሚነሣበት በመስቀል አደባባይ አጠገብ፣ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይገኛል። እዚህ ከተማ የሚኖር ወጣት ሁሉ ቢያየው እመክራለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ታዲያ መንግሥት ቤት አይስጥ፣ መዝገብም አይኑረው ማለትህ ነው ወይ ትሉኛላችሁ። አይደለም። መዝገብ የሌለው ከተማ ድሃውን የሚረሳ ከተማ ነው። ጥያቄው መዝገቡ የማን ነው የሚለው ነው። መልሱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እድራችንን እንይ። እድር የአባላቱን ስም፣ የቤተሰባቸውን ቁጥር፣ የከፈሉትንና ያልከፈሉትን በዝርዝር ይጽፋል። በሐዘን ቀን ድንኳኑ፣ ወንበሩና ገንዘቡ የሚመጣው በዚያ መዝገብ ነው። ሆኖም ዳኛውን አባላቱ ይመርጡታል፣ ሒሳቡ በጉባኤ ይነበባል፣ ስሜ ተዘሏል የሚል ሰው ተነሥቶ ይናገራል። ሀብታሙም ድሃውም እኩል መዋጮ ከፍሎ እኩል ይቀበራል። እድርም ይሰጣል፣ እድርም ይመዘግባል፤ ጸሐፊው ግን ለተጻፉት ሰዎች መልስ ይሰጣል።

በዚህ መለኪያ ዛሬ ያለንበትን ምሥራቅ አዲስ አበባ እንመልከት። ቦሌ በ1950ዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያው ከተሠራ ወዲህ የቪላና የእንግዳ ሰፈር ሆኖ አደገ። በኋላም ወደ ሲኤምሲ፣ ወደ ሰሚትና ወደ አያት የታጠሩ የሪል እስቴት መንደሮች ተዘረጉ። በዚያው አቅጣጫ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ መጣ፤ የሙከራ ቤቶቹ የተሠሩት እዚሁ ገርጂ ነበር። ቀጥሎ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ ቡልቡላና ቦሌ አራብሳ መጡ። ፕሮግራሙ ሰውን 10/90፣ 20/80 እና 40/60 ብሎ በቅድሚያ ክፍያው መደበው። ይህ በብዙ ሺህ ቤተሰብ ላይ በጎ ለውጥ ያመጣ ሥራ ነው። ከዚሁ ጋር አንድ ሰው በከተማዋ የሚኖርበትን ርቀት፣ ለመሥሪያ ቤቱ የሚቆመውን የታክሲ ሰልፍና ልጁ የሚገባበትን ትምህርት ቤት የሚወስን የመደብ መዝገብ ነው። ከመሐል ከተማ በመልሶ ማልማት ተነሥቶ አራብሳ የገባ ቤተሰብ ግድግዳው ከቀድሞው ይጠነክርለታል፤ ጎረቤቱ፣ ደንበኛውና እድሩ ግን ኋላ ይቀራሉ።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የዕጣ ማውጫው የኮምፒውተር ሥርዓት እንደተነካካ፣ መብት የሌላቸው ሰዎች ስም እንደገባ ታወቀና ዕጣው ተሰረዘ። ዓመታት የቆጠበው ሰው የደረሰበት ሐዘን ትልቅ ነበር። ግን ከኦርዌል ሎተሪ ጋር አስተያዩት። በ«1984» ሎተሪው ሐሰት መሆኑን የሚያውቀው ዊንስተን እውነቱን የሚናገርበት ቦታ የለውም። እዚህ ስህተቱ በአደባባይ ተነገረ። ዲስቶፒያን ከተበላሸ አስተዳደር የሚለየው ይህ ነው። የተበላሸ መዝገብ በየትም አገር ይገኛል። መዝገቡ ተበላሽቷል ማለት ወንጀል የሚሆንበት አገር ግን የልብ ወለዱ አገር ነው።

አሁን ደግሞ መዝገቡ ከወረቀት ወጥቶ ወደ ሰውነታችን እየመጣ ነው። ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቶ የጣት አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና የፊት ምስልን ይይዛል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ቋሚ አድራሻ የሌለው የቀን ሠራተኛ እንኳ ማንነቱን ማስረዳት ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራ እንዲከለከል ደንግጓል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ፍርሃት አይደለም፤ የሚያስፈልገን በሕግ የተጻፈልንን መብት እስከ ወረዳው መስኮት ድረስ ይዞ መሄድ ነው። ስሜን የሚጽፈው ማን ነው? የተጻፈውን ማየት እችላለሁ? ቢሳሳት የት አቤት እላለሁ? ለቤት የሰጠሁት መረጃ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል ማን ይከለክላል? እነዚህን ጥያቄዎች የኮንዶሚኒየም ነዋሪው ብቻውን ሊጠይቅ አይገባም። በታጠረው መንደር የሚኖረውም ከእሱ ጋር ሊቆም ይገባል። አንዱ መደብ በአጥሩ ውስጥ ተመችቶት ሌላውን ሲረሳ የኦርዌል አገር ያለ አንድ ጥይት ይቆማልና።

ንግግሬን በሦስት አደራ ላብቃ። ታላላቆቻችን፣ በቀበሌው ዘመን ያያችሁትን ጥሩውንም ክፉውንም ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ አስጽፉም። ወጣት ጸሐፊዎች፣ የአቤ ፅንስና የበዓሉ ጋዜጠኛ ታናሽ ወንድምና እህት ይፈልጋሉ፤ ከአራብሳ አውቶቡስ ፌርማታ እስከ ቦሌ መንገድ ፎቆች ያለውን ኑሮ ጻፉት። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ የያዛችሁት መዝገብ የሕዝብ ንብረት መሆኑን አስቡ፣ ባለቤቱ ሲጠይቃችሁም ክፈቱለት። የሚሰጠው እጅና የሚመዘግበው እጅ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚመረምራቸው ዓይን ግን የእኛ መሆን አለበት። ይህን ማድረግ መብታችን ነው፤ ካላደረግነው ግን ጥፋቱ የእኛ ነው።